አጥቤ የወሰድኩት የቲማቲም ግንድ

ቲማቲሞቻችን መውደቅ የጀመሩት ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ እያለ ነው። የሚደርቅ ተክል መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፤ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጣል። የእኛዎቹ ግን ማታ ደህና ሆነው ታይተው ጠዋት አንገታቸውን ደፍተው ይገኛሉ። በማግስቱ ከጎኑ ያለው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። መስመር ጠብቀው ነበር የሚወድቁት።

አባቴ በየጠዋቱ ጫኖ መንደር ካለው ቤታችን ጀርባ ወደ ማሳው ይወርዳል። ድሮ ሲወርድ ያፏጭ ነበር። በዚያ ሰሞን ማፏጨቱን ተወ። የወደቀውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አይቶ ያልፋል፤ ጎንበስ ብሎ እንኳን አይነካውም። ሙዙን ከአባቱ ነው የወረሰው። ቲማቲሙ ግን የራሱ ሐሳብ ነበር፤ ከሙዙ ጎን ያለችውን ቁራሽ መሬት እሱ ራሱ መንጥሮ፣ ችግኙን እሱ ራሱ አፍልቶ ነው የተከለው። ስለዚህ ስለ ቲማቲሙ ቤት ውስጥ ማንም አይቀልድም ነበር።

ከማሳችን በላይ፣ የመስኖው ውሃ ከእኛ በፊት የሚደርስበት፣ የጎረቤታችን እርሻ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸውና አባቴ ቦዩን አብረው ቆፍረዋል፤ ውሃ በተራ ይለቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ጋሼ በሙዛቸው ሥር የሚበቅለውን አረም ለማጥፋት መድኃኒት ይረጫሉ። አባቴ ያንን በጀርባ የሚታዘል መርጫ ቦዩ ውስጥ ሲያጥቡት አየሁ አለ። ቲማቲሜ መውደቅ የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው አለ። ይህንን ቤት ውስጥ ቢለው ጥሩ ነበር። የተናገረው ግን ውሃ ሊለቁ የወጡ ሰዎች ፊት ነው።

«ቲማቲሜን መርዝ አጠጣኸው» አላቸው።

ጋሼ አካፋቸውን ከጭቃው ነቅለው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ ከአንድ ቦይ ስንጠጣ ኖረን ዛሬ መርዘኛ ሆንኩ ብለው ሄዱ። እኔ ባልዲ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። እንዲያ ቀስ ብለው ሲሄዱ ከኋላ ሳያቸው ያረጁ መሰለኝ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ተዳፍኖ አያድርም። በማግስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። ሳር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ አይሉትም፤ ሳሩ ፊት የገባኸው ቃልም እንደ ሌላው ቃል አይደለም። አባቴ ቲማቲሙን ምን እንደገደለው በእርግጥ እስኪታወቅ ድረስ ስለ ጋሼ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ቃል ገባ። ጋሼም እስከዚያ ነገሩን ወደ ቀበሌ ላይወስዱ ቃል ገቡ። ሁለቱም ተጨባበጡ፣ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። በእርግጥ ማወቁ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ያን ቀን ማንም አልጠየቀም።

የወደቀው በእኔ ላይ ነው። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ መጥቶ ማሳውን ዞሮ አየና፣ የግንድ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን በዓይን ብቻ አይቼ አልፈርድም፣ ናሙና ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይሂድ አለ። አባቴ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ መሻገር ይደክመዋል፤ ቢሮ ሲገባ ደግሞ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። እናቴ ትንንሾቹን ጥላ አትሄድም። እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ የከሰዓት ፈረቃ ነው የምማረው፣ አማርኛዬም እንደ አባቴ አነጋገር «የሬዲዮ» ነው። በቃ፣ እኔ ሆንኩ።

አሁን የምጽፈውን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል፤ ግን ይጻፍ። ከቤታችን ወደ ትልቅ ቦታ የሚሄድ ነገር ሁሉ ይታጠባል። ለፓስተሩ የሚላክ ሙዝ እንኳን አንድ በአንድ በጨርቅ ተወልውሎ ነው የሚሄደው። እናቴ የነቀልኩትን ስታይ፣ አፈር ተሸክመሽ ነው ዩኒቨርሲቲ የምትገቢው፣ ምን ዓይነት ቤት ነው ያሳደጋት አይሉም ወይ አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። በሽታው ፍንትው ብሎ እንዲታይላቸው ብዬ ደግሞ ከሁሉም የባሰባቸውን፣ ከሞቱ የሰነበቱትን ሦስት ግንዶች መረጥኩ። ሥራቸውን በቢላ ቆርጬ ጣልኩት። ግርጌያቸው ላይ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፎባቸው ነበር፤ በሳሙና ፈገፈግኩት። ከቅጫም የማይበልጡ ቡናማ ፍሬዎችም ነበሩ፤ እነሱን በጥፍሬ ፋቅኳቸው። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ አፉን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። እንደዚያ ያማረ ናሙና ማንም አያመጣም ብዬ አስቤ ነበር።

ከጫኖ እስከ ከተማው፣ እስከ ሲቀላ፣ በሚኒባስ፤ ከሲቀላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በባጃጅ። ሚኒባሱ ሞልቶ እንኳን ሌላ ሰው እስኪገኝ ቆመ። ላስቲኩ ጭኔ ላይ ነበር፤ በሙቀቱ ከውስጥ ላብ አወጣ። ግቢው በር ላይ ጥበቃው ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ፤ በሽታ ነው አልኩት። ትንሽ ራቅ ብሎ አሳለፈኝ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ያገኘኋት ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ተማሪ ናት፤ ከጎጃም ነው የመጣችው። ነጭ ጋዋኗ ክርኑ ጋ ተቀዷል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ምን ብዬ እንደምጠራት ስላላወቅኩ ቲቸር አልኳት። ቲቸር አትበይኝ፣ ደመወዝ የለኝም፣ እርስዎም አትበይኝ፣ ገና አላገባሁም አለችኝ። ላስቲኩን ፈታችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ግንዶቹ ሙልጭ ብለው ነበር፤ እጇ ላይ ተንሸራተቱ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር። «ጥሩ አድርገሽ ነው ያጠብሽው» አለች። «በሽታውንም አብረሽ አጥበሽዋል።»

እንዲያም ሆኖ ድካሜ ከንቱ እንዳይቀር ብላ ትሞክረው ጀመር። ከግንዶቹ ትንንሽ እየቆረጠች፣ ከድንች ቅቅል ውሃ ተሠርቶ እንደ ጄሊ በረጋ፣ በሽታውን በሚያበቅል ምግብ ላይ፣ በክብ ሳህኖች ውስጥ አስቀመጠች። በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ሳህኖቹ ውስጥ አረንጓዴውም ጥቁሩም ግራጫውም በቅሏል፤ አንዱ እንደ ዳቦ ሻጋታ፣ አንዱ እንደ አመድ። እኔ ደስ አለኝ፣ ይኸው ተገኘ ብዬ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። እነዚህ ተክሉ ከሞተ በኋላ ሊበሉት የመጡ ናቸው፣ ገዳዩ አይደሉም አለች። ምን ልዩነት አለው ስላት፣ «ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ምን ማምጣት እንደነበረብኝ ነገረችኝ፤ ግን ያን ቀን ከእፍረቴ የተነሳ ግማሹን አልሰማሁትም።

ቤት ስደርስ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምን አሉ አለኝ።

«ምንም አልተገኘም» አልኩት።

ውሸት አይደለም። ግን አጠብኩት አላልኩም፣ ሥሩን ቆርጬ ጣልኩት አላልኩም። እናቴ ማድቤት በር ላይ ቆማ ወደ እኔ አየች፤ እሷም ዝም አለች። ሁለታችንም ሳሙናውን ደበቅነው። አባቴ ደግሞ ከዝምታችን ላይ የራሱን መልስ አነሳ። ዩኒቨርሲቲው በዚያ ሁሉ መሣሪያ ፈልጎ በሽታ ካጣ፣ በሽታ የለም ማለት ነው። በሽታ ከሌለ መርዝ ነው። በእርግጥ ታወቀ።

በማግስቱ ቦዩ ላይ ያንኑ ቃል ደገመው፣ ከመጀመሪያው በባሰ ድምፅ። ቃሉን ያፈረሰ ስላልመሰለው ምንም አላፈረም። የወደቁትንም ተክሎች አንድ በአንድ ነቅሎ፣ እየጎተተ ወስዶ፣ ጋሼ ድንበር ላይ፣ ከቃሪያቸው የመጀመሪያ መስመር ክንድ በማይሞላ ርቀት ከመራቸው። በየቀኑ ሲወጣ ሲገባ ሥራውን ይየው አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታውን በሩቁ አደረገው። እሑድ ጋሼ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አልተቀመጡም። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ከወጣቶቹ ጋር ተቀመጡ። በመጪው ወር የጌታ እራት የሚወሰድበት እሑድ ነበር፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይወስድም። ሁሉም ያንን ቀን ይቆጥር ጀመር።

ያ ሁሉ ነገር በምን ላይ እንደቆመ የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ሦስት ግንድ፣ አንድ ሳሙና።

ስለዚህ ማንም ሳይልከኝ ተመልሼ ሄድኩ። ልጅቷ (ቲቸር ስላላስባለችኝ በልቤ እንደዚያ ነበር የምላት) ስታየኝ አልገረማትም። በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ነገር ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት የወደቀውን አምጪ፣ የሞተውን አይደለም። ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ቆፍረሽ አውጪ። በጋዜጣ ጠቅልዪ፣ በላስቲክ አይደለም። ፀሐይ ላይ አታስቀምጪ። ውሃ አታስነኪ። ደግሞም ያየሽውን ጻፊ አለችኝ፤ መቼ ወደቀ፣ ቅጠሉ ምን ይመስል ነበር፣ አጠገቡ ምን አለ። ለምንድነው ስላት፣ እኔ ማሳውን አላየሁትም፣ የማየው በአንቺ ዓይን ነው አለችኝ።

ይህች አንዲት ነገር ከውስጤ አልወጣ አለች። ደብተር ሁልጊዜ እጽፍ ነበር፣ ግን አስተማሪ የሚጽፈውን እየገለበጥኩ ነው። በዓይኔ የሚያይ ሰው ኖሮ አያውቅም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማሳው ውስጥ ነበርኩ። ማታ ቆሞ ያየሁትን አንድ ተክል ወድቆ አገኘሁት። ተንበርክኬ ግርጌውን ገለጥ አደረግኩት። ያ ነጭ ነገር ነበር፤ ግንዱን እንደ ቀለበት ከቦ፣ እንደ ጥጥ ክር አፈሩ ላይ ተዘርግቷል። ክሩ ላይ ፍሬዎቹ ተበትነዋል፤ አንዳንዱ ገና ነጭ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ ልክ እንደ ሰናፍጭ ዘር። ጥፍሬን አየሁት። በዚያው ጥፍር ነው የፋቅኳቸው። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና፣ «ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ብቻ ቡናማ ሆኗል። ከላይ ያለው መታመሙን ገና አልሰማም» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። እንዲሁ መጣች፣ ደስ አለችኝ፣ ተውኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ በተቀመጠችው ሴትዮ ቀሚስ ላይ አፈር ረገፈ። ከተማ ደግሞ አፈር ጠፋ እንዴ፣ እሱንም መሸጥ ጀመራችሁ አለችኝ። ሰው ሳቀ። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ጋዜጣውን እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

ልጅቷ ጋዜጣውን ስትፈታ ግንባሯ ተፈታ። ጤነኛውና የታመመው የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጋ፣ ከዚያው ድንበር ላይ ትንንሽ ቆረጠች፤ በሽታው አሁን እየሠራ ያለው እዚያ ነው አለች። ከዚያ የቆረጠችውን በውሃ የቀጠነ በረኪና ውስጥ ነከር አድርጋ፣ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው።

«አንቺም ታጥቢያለሽ እንዴ» አልኳት፣ ሳላስበው።

«እኔ የማጥበው ለክቼ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው። መጠበቅ እንደዚህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ማታ እናቴ የበቆሎ ኩርኩፋ ስታቀርብልኝ እጄ ከአፌ ይልቅ ወደ ትራሴ ማለት ያምረዋል። አባቴ የት እንደምሄድ ያውቃል፤ ለምን እንደምመላለስ አይጠይቅም። እሱም ደክሞታል። ቁጣው አልቆ ልማዱ ብቻ ነበር የቀረው፤ ጋሼን ሲያይ አሁንም ፊቱን ያዞራል፣ ግን እንደሚከብደው ያስታውቃል። አንድ ቀን ማፏጨት ጀምሮ ድንገት ተወው። ጋሼ ከላይ እየሰሙ መሆኑ ትዝ ብሎት ይመስለኛል።

ሳህኖቹ ውስጥ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አንድ ዓይነት ነገር ብቻ በቀለ፤ ነጭ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ። ልጅቷ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። ከዚያ ክሮቹን አየሁ፤ አንዱ ክር ከሌላው የሚቀጠልበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ የታጠፈ ጉልበት ይመስላል። ይህ ጉብታ ብዙ ፈንገሶችን ከተጠርጣሪዎቼ ዝርዝር ያስወጣልኛል አለች። ሌላ ሳምንት ሲያልፍ በሳህኑ ዙሪያ ፍሬዎቹ ተሰለፉ፤ መጀመሪያ ነጭ፣ በኋላ ቡናማ። ማሳችን ውስጥ ያየኋቸው ናቸው። እንግዲህ ታወቀ አልኩ። አልታወቀም አለች። ታማሚው አጠገብ ተገኘ እንጂ ማሳመሙ አልተረጋገጠም። ስምንት ጤነኛ ችግኝ ከሌላ ቦታ አምጪልኝ አለች።

ስምንቱን ችግኝ በቆርቆሮ ውስጥ ይዤ የሄድኩበት ቀን ከሁሉም የከፋው ነው። ዳመና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ከሲቀላ በእግሬ ነው የሄድኩት። አራቱ ላይ ፈንገሱን አስነካች፣ አራቱን ሳታስነካ ተወች። እንደገና መጠበቅ።

አንድ ጠዋት ስደርስ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተኝታለች። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አድሮ ሳህኖቿን ለማዳን ስትሯሯጥ እንዳደረች በኋላ ነው የሰማሁት። አልቀሰቀስኳትም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ። የምጽፈው ነገር አልነበረኝም፤ ሆኖም እጄ ጻፈ። የአባቴን ማፏጨት ጻፍኩ። ጋሼ አካፋቸውን ከጭቃ ሲነቅሉ የወጣውን ድምፅ ጻፍኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረችውን ሴትዮ ጻፍኩ፣ ስጽፋት አልጠላኋትም። ቀና ስል ሦስት ገጽ ሞልቷል፣ ልጅቷም ነቅታ ጉንጯ ላይ የጠረጴዛ ምልክት ታትሞባት ታየኛለች። እስቲ አለች። ሰጠኋት። አነበበችና መለሰችልኝ። እኔ ለአማካሪዬ የምጽፈውን እንደዚህ ብጽፍለት ኖሮ እስከ መጨረሻው ያነበው ነበር አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱ አብረው መኖር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

አራቱ ችግኞች በዚያው ሳምንት ወደቁ፣ ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ። ሌሎቹ አራቱ ቆመው ቀሩ። ከወደቁት ቆርጣ እንደገና አበቀለች፤ ያው ነጭ ማራገቢያ፣ ያው ጉልበት፣ ያው የሰናፍጭ ፍሬ መጣ። ያኔ ነው ወረቀት ላይ ስሙን በላቲን የጻፈችልኝ፤ ምላስ የሚያስር ስም ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው፣ ፍሬዎቹ ለዓመታት ይቆያሉ፣ በአፈርና በውሃ ይዛመታሉ አለች። የአረም መድኃኒት ይህንን አያደርግም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የአረም መድኃኒት ቅጠሉን ያቃጥላል ወይም ያጣምማል፣ ደግሞም ፍሬ አይጥልም አለች። ከዚያ የወደቁትን የት እንደምንጥላቸው ጠየቀችኝ።

ጎረቤታችን ድንበር ላይ ከምረናቸዋል አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ከድንበሩ ወዲያ ምን ተተክሏል አለች። ቃሪያ ነው አልኩ።

«ቃሪያም ይይዘዋል» አለች። «ዛሬውኑ ይነሳ።»

ቤት የደረስኩት በክፍል ሰዓት ነው፤ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አባቴ ሙዝ ውስጥ የደረቀ ቅጠል እየቆረጠ ነበር። ፊቱ ቆሜ ከመጨረሻው ልጀምር ፈለግኩ፣ ግን አንደበቴ ከመጀመሪያው ጀመረ። የመጀመሪያውን ናሙና አጥቤው ነው የወሰድኩት አልኩት። ለዚህ ነው ምንም ያልተገኘው። ከዚያ ፈንገሱን ነገርኩት፣ ፍሬዎቹን፣ አራቱን ችግኝ፣ ክምሩን። አባቴ የተቆረጠ የሙዝ ጉቶ ላይ ተቀመጠ።

«ሳሩ ፊት የገባሁትን ቃል ያፈረስኩት በታጠበ ግንድ ነው?»

«አዎ አባባ።»

መቁረጫውን አጠገቡ አስቀመጠ። «ሳሙናም ነበረው?»

«ነበረው።»

የሳቀ መሰለኝ፤ ትከሻው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ከዚያ ፍሬው ምን እንደሚያህል ጠየቀኝ። የሰናፍጭ ዘር ያህል አልኩት። እኔ እኮ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህለው እምነት ብቻ ይመስለኝ ነበር አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ተነሳ። አካፋውን ያዘ። ቦዩ ዳር ሲደርስ ቆመና አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር ነጨ። ሳር የሚይዘው አስታራቂ ነው፤ በዳዩ ራሱ ሳር ይዞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ዓይኔን እንዳየ፣ ሽማግሌዎቹን ስንት ጊዜ ላድክማቸው አለኝ።

ጋሼ ከእኛ ቀድመው ድንበሩ ላይ ነበሩ። ክምሩ አጠገብ ካለው የቃሪያ መስመር ሦስቱ ወድቀዋል፤ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው። አንዱን ነቅለው በእጃቸው ይዘው ያዩታል። አባቴን ሲያዩ ፊታቸውን አላዞሩም። አባቴ አካፋውን መሬት ላይ አስተኛው። ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«መርዙ የእኔ ነው» አለ። «ከእኔ ማሳ አንስቼ እዚህ የከመርኩብህ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ወደ ተክሉ ተመለሱ። ግርጌውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ነጩን ነገር በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሊፍቁት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አይፋቁት» አልኩ።

ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቀርቤ ክሩን አሳየኋቸው፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፣ ወረቀቱንም ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን ናሙና እንዴት እንዳበላሸሁትም ነገርኳቸው፤ እናቴን አላነሳኋትም። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«እንግዲህ ስሜን ያጠቆረው ያንቺ ሳሙና ነው» አሉኝ።

የማለቅስ መሰለኝ። አላለቀስኩም፤ ምክንያቱም አባቴን አየሁት፣ እሱ ሊያለቅስ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ሳሩን ከእጁ ወሰዱና የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ይቅር ብያለሁ አላሉም። መርጫውን ቦዩ ውስጥ ማጠቤ እውነት ነው፣ ሁለተኛ አላጥብም አሉ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሥራ ነው። ክምሩን ከሥሩ ካለው አፈር ጋር በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን፣ ሳንጎትት ተሸክመን፣ ከውሃው ራቅ ወዳለ ደረቅ ቦታ ወሰድነው። የጋሼ ሦስት ቃሪያዎችም አብረው ሄዱ። እሳት ለኮስንበት። እርጥብ ስለነበር ጭሱ እንጂ ነበልባሉ ብዙ ጊዜ አልመጣም። በዚያ ቁራሽ መሬት ላይ እንግዲህ ለሦስት አራት ዓመት ቲማቲም የለም፣ በቆሎ ነው የሚዘራው። አባቴ ይህን ስነግረው «በቆሎ» አለ፣ የራቀ ዘመድ ስም እንደሚጠራ ሰው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስታችንም ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን አራገፉ።

«ዛሬ ውሃ የማን ተራ ነው?» አሉ።

«የአንተ» አለ አባቴ።

«ይቅር። ዛሬ መሬቱ ይድረቅ።»

ያን ማታ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን ስጽፍ እጄን መታጠብ ረስቻለሁ። የዚያ ገጽ ጠርዝ ላይ እስካሁን የጣቴ አፈር አለ። እናቴ አይታው ልትጠርገው ነበር፤ ከለከልኳት።

እሑድ የጌታ እራት ነበር። ጋሼ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ አባቴ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለቱም ወሰዱ። ስብከቱ መሃል ላይ አባቴ የሳምንቱ ድካም አሸነፈውና አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ ትንሽ ማንኮራፋትም ጀማመረ። ጋሼ ዓይናቸውን ከመድረኩ ላይ ሳያነሱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።